የሪዮሃ ወይን፣ በርሜሉና የወይን ጭራሮ ጥብስ

[ምስል፦ የጠርሙስ ጀርባ፣ በቅርበት]

ጠርሙሱን ወደ ጀርባ አዙሩት። ትንሽ ቀይ ወረቀት ተለጥፋበታለች፤ «ክሪያንሳ» ትላለች። የስፔን ሪዮሃ ቀይ ወይን ስትገዙ ከፊት ካለው ትልቅ ስም በፊት እሷን አንብቡ። ወይኑ ለመሸጥ ከመውጣቱ በፊት ስንት ጊዜ እንደከረመ የምትነግራችሁ እሷ ናት።

ክሪያንሳ ቢያንስ 2 ዓመት ይከርማል፤ ከዚያ ውስጥ 1 ዓመቱን ኦክ ከሚባል እንጨት በተሠራ በርሜል ነው። ሬዜርቫ 3 ዓመት ይቆያል። ግራን ሬዜርቫ ደግሞ 5 ዓመት፤ ቢያንስ 2ቱን በበርሜል፣ 2ቱን በጠርሙስ።

[ምስል፦ የሃሮ ከተማ ባቡር ጣቢያ]

ሪዮሃ ሰሜን ስፔን ነው፣ በኤብሮ ወንዝ ዳር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፊሎክሴራ የምትባል ሥር የምትበላ ነፍሳት የፈረንሳይን የወይን እርሻ አወደመች። የፈረንሳይዋ ቦርዶ ነጋዴዎች ወይን ፍለጋ ወደ ሪዮሃ መጡ። በሪዮሃ ያለችው የሃሮ ከተማ ትልልቅ ወይን ጠማቂዎች ዛሬም ባቡር ጣቢያው ዙሪያ ተሰብስበው የሚታዩት ከዚያ ዘመን ጀምሮ ነው። 225 ሊትር የሚይዘው በርሜልም የቦርዶ ልክ ነው። እንጨቱ ግን ብዙ ጊዜ የአሜሪካ ኦክ ሆነ።

[ምስል፦ በርሜል ሠሪ፣ እሳት በበርሜሉ ውስጥ]

ይሄን በደንብ ተመልከቱ። በርሜል ሲሠራ ውስጡ በእሳት ይጠበሳል። ወይኑ የሚተኛው በዚያ በተለበለበ እንጨት ላይ ነው። የአሜሪካ ኦክ የቫኒላና የኮኮናት ሽታ ይሰጠዋል፤ የፈረንሳዩ ወደ ቅርንፉድ ያደላል። በእንጨቱ በኩል ትንሽ ትንሽ አየር ይገባል። ቀስ በቀስ፣ እንደቆየ ሻይ አፍ የሚያኮማትረው ታኒን ይለዝባል። ሐምራዊው ቀለም ወደ ሸክላ ይሄዳል። ዋናው የወይን ዘር ቴምፕራኒዮ ነው፤ የቼሪ ጣዕሙ ከሥር ይቀራል።

[ምስል፦ ጭራሮ ሲነድ]

አሁን ወደ ምግቡ። በክረምት የወይኑ ሐረግ ይገረዛል። የተገረዘው ጭራሮ አይጣልም፤ እየታሰረ ይቀመጣል፣ ይደርቃል። ሲነድ ነበልባሉ ከፍ ይላል፣ ቶሎም ይበርዳል። ፍሙ ብቻ ሲቀር ትንንሽ የጠቦት ጎድን በፍርግርግ ይጣልበታል። ጨው ብቻ፣ ሌላ ቅመም የለም። «ቹሌቲያስ አል ሳርሚዬንቶ» ይሉታል።

ከክሪያንሳ ጋር ይሄን የሚያህል ምግብ የለም፣ ለእኔ። የጠቦቱ ስብና ሥጋ ታኒኑን ያለሰልሱታል። የወይኑ ኮምጣጣነት ደግሞ ስቡን ከምላስ ይጠርገዋል። የጥብሱ ጭስና የበርሜሉ ጭስ አፍ ውስጥ ይገናኛሉ። ውዱን ግራን ሬዜርቫ ለዚህ አትክፈቱት። የቆዳና የደረቀ ፍሬ ሽታው ስስ ነው፤ ጭሱ ይውጠዋል። እሱን በዝግታ ለበሰለ ጠቦት ወይም ለእንጉዳይ አቆዩት።

[ምስል፦ ድንች ሲሰበር]

ሌላው የአገሩ ምግብ ድንች በቾሪሶ ነው። ቾሪሶ የአሳማ ቋሊማ መሆኑን ልብ በሉ። ድንቹ እስከ መጨረሻው አይቆረጥም፤ ቢላዋው ግማሽ ድረስ ገብቶ ቀሪው ቀጭ ተደርጎ ይሰበራል። በሻካራው ጎን በኩል ስታርቹ ይወጣና መረቁ ይወፍራል። ለዚህም ክሪያንሳ ይበቃል።

እኛ ቤትስ? በቅቤና በሮዝመሪ የተጠበሰ የበግ ጥብስ በደንብ ይሄዳል። በርበሬ የበዛበት ወጥ ላይ ግን አልመክርም። አልኮሉ ማቃጠሉን ያባብሰዋል፣ የኦኩም ጣዕም መራራ ይሆናል።

[ምስል፦ ጠርሙስ ከፍሪጅ ሲወጣ]

አንድ ነገር ልጨምር። ቀይ ወይን በቤት ሙቀት ይጠጣል ሲባል ሞቃት ሳሎን ማለት አይደለም። ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ይበቃዋል። ቤታችሁ ሞቃት ከሆነ 20 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት። ከዚያ ቡሹን አውጡ፤ ሥጋው ፍሙ ላይ ሲጮህ ቅዱት።