የዩሪያ ጆንያ፣ የጋዝ ቱቦ እና የምጣዳችን ሽቦ
(በደብረ ማርቆስ ለነዋሪዎች፣ ለመምህራንና ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)

እንደምን ዋላችሁ።

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ መምህራን፣ ተማሪዎች፤ ሥራችሁን ትታችሁ ከገጠር የመጣችሁም አላችሁ። እግዜር ይስጥልኝ።

ስለ ኃይል ተናገር ሲባል ሰው ስላይድ ይዞ ይመጣል። እኔ የያዝኩት ይኸን ባዶ ጆንያ ነው። ከእናቴ ጓዳ ነው ያነሳሁት። ከላዩ ላይ ዩሪያ የሚል ጽሑፍ አለ፤ ከሥሩ 46 ይላል። እናቴ በቆሎ ታስቀምጥበታለች። «መልሰህ ካላመጣኸው ቤት እንዳትገባ» ብላኛለች።

ዛሬ የማወራው ስለ ጋዝ፣ ስለ ሃይድሮጅንና ስለ መብራት መስመር ነው። ሃይድሮጅን ሲባል «ይኸ ደግሞ የፈረንጅ ጉዳይ ነው» የሚል አይጠፋም። ሃይድሮጅን ግን ጎጃም ከገባ ቆየ። የገባው በዚህ ጆንያ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዩሪያ የሚሠራው ከአሞኒያ ነው። አሞኒያ ደግሞ ከናይትሮጅንና ከሃይድሮጅን ይሠራል። ናይትሮጅኑ ከአየር ይወሰዳል፤ አየር ደግሞ ነፃ ነው። ዋጋ ያለው ሃይድሮጅኑ ነው። አብዛኛው የዓለም ፋብሪካ እሱን የሚያወጣው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው፤ ቻይና ውስጥ ደግሞ በብዛት ከድንጋይ ከሰል ይወጣል። ጋዙን ከውሃ እንፋሎት ጋር በኃይለኛ ሙቀት ያገናኙታል። ሃይድሮጅኑ ይለያል፤ ካርቦኑ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል። ለአንድ ኩንታል ዩሪያ 10 ኪሎ ያህል ሃይድሮጅን ያስፈልጋል።

ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. በ2022 የዩክሬን ጦርነት ሲነሳና አውሮፓ ውስጥ ጋዝ ሲወደድ፣ እዚህ ጎዛምን ያለው ገበሬ ማዳበሪያ የተወደደበት። የጋዝ ቱቦ አይተን አናውቅም። ሂሳቡን ግን ከፍለናል።

በነገራችን ላይ ጋዝ ስል ላምባ ማለቴ አይደለም። እናቴ ጋዝ ሲባል አሁንም ኩራዝ ነው ትዝ የሚላት። ቡታጋዝም አይደለም፤ ከተማ ውስጥ በሲሊንደር የሚሸጠው ሌላ ዘር ነው። እኔ የምለው ከመሬት ውስጥ የሚወጣውን፣ ሚቴን የሚባለውን ነው።

እስኪ መጀመሪያ ፈረንጆቹ ጋ እንሂድ። ምን እንደቸገራቸው ብናውቅ አይከፋም።

ሆላንድ እ.ኤ.አ. በ1959 ግሮኒንገን በሚባል ቦታ ትልቅ ጋዝ አገኘች። ብዙም ሳይቆይ በአገሪቱ ቤት ለቤት ቱቦ ተዘረጋ። ከዚያ በፊት ከተሞቹ የሚያነዱት ከድንጋይ ከሰል የወጣ ጋዝ ነበር፤ የዚያ ጋዝ ግማሽ ያህሉ ሃይድሮጅን ነበር። ስለዚህ ሃይድሮጅን በቱቦ ማስኬድ ዛሬ የተፈለሰፈ ጥበብ አይደለም። አያቶቻቸው ሾርባ ቀቅለውበታል።

ኋላ ላይ ግሮኒንገን መሬቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጋዙ ሲወጣ ከሥር ያለው አለት ይጨመቃል፤ የሰው ቤት ይሰነጠቃል። እ.ኤ.አ. በ2024 ማሳው በሕግ ተዘጋ። ከ2018 ጀምሮ ደግሞ አዲስ የሚሠራ ቤት የጋዝ መስመር አይገባለትም ተባለ።

አሁን ጥያቄው ይኸ ነው። መሬት ውስጥ የተቀበረው ያ ሁሉ ቱቦ ምን ይሁን?

እድር ውስጥ ያላችሁ ይኸ ቶሎ ይገባችኋል። እድር ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ጠባቂ አለው። 200 አባል ሲኖር መዋጮው ቀላል ነው። 100ው ቢወጣ ድንኳኑ ግማሽ አይሆንም። የቀረው ሰው እጥፍ ይከፍላል። መዋጮው ሲከብድ ደግሞ ሌላው ይወጣል። የጋዝ መስመርም እንደዚያው ነው። ገንዘብ ያለው ሰው ቤቱን በመብራት ማሞቅ ይጀምርና ከጋዙ ይወጣል። ኪራይ ቤት ያለው ድኃ ቱቦውን ተሸክሞ ይቀራል። በእኔ እምነት የአውሮፓ ትልቁ ራስ ምታት ቴክኖሎጂው ሳይሆን ይኸ የመዋጮ ነገር ነው።

አንዳንዱ «ቱቦውን ሃይድሮጅን እንሙላበት» አለ። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2024 የ9,040 ኪሎ ሜትር የሃይድሮጅን መስመር አጸደቀች፤ 60 በመቶ ያህሉ የድሮ የጋዝ ቱቦ ነው፤ እስከ 2032 እንዲያልቅ ነው የታሰበው። ልብ በሉ፣ ይኸ በዋናነት ለብረትና ለኬሚካል ፋብሪካ ነው እንጂ ለወጥ መሥሪያ አይደለም። እንግሊዞች ለቤት ሊሞክሩት ሁለት ሰፈር መርጠው ነበር። በ2023 ሁለቱም ቀረ። አንዱ ሰፈር ነዋሪው እምቢ አለ። ለሌላው የሚበቃ ሃይድሮጅን አልተገኘም።

ነዋሪው እምቢ ማለቱ አይገርመኝም። ሃይድሮጅን ከመብራት ሲሠራ ገና በመጀመሪያው ሲሶው ይባክናል። ከዚያ ማመቅ አለ፣ ማጓጓዝ አለ። በዚያው መብራት ክፍሉን በቀጥታ የሚያሞቅ መሣሪያ ደግሞ አለ፤ ከውጭ አየር ሙቀት እየሳበ አንዱን ሦስት አድርጎ ይሰጣል። ሃይድሮጅን በዚያ ላይ ቀጭን ነገር ነው። ቀዳዳ ካገኘ ይሾልካል። አንዳንዱን ብረት ውስጥ ገብቶ ያሰባብረዋል። በአንድ ዓይነት ቱቦ ውስጥ፣ በአንድ ዓይነት ግፊት፣ ከተፈጥሮ ጋዝ ጋር ሲነጻጸር የሚይዘው ኃይል ሲሶ ብቻ ነው።

እሺ፣ ወደ እኛ።

እኛ የምንቀብረውም የምንነቅለውም ቱቦ የለንም። የኛ የኃይል መስመር አይሱዙ ነው። ከእንጅባራ፣ ከፋግታ የሚነሳው፣ ከሰል እስከ ጣራው ተጭኖ ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ የሚገባው። አዊ ውስጥ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ፣ በመጀመሪያው ዓመት ከሥሩ ጤፍ ዘርቶ፣ በአራት በአምስት ዓመቱ ቆርጦ ከሰል የሚያደርገውን ገበሬ እኔ አከብረዋለሁ። ተክሎ ነው የሚቆርጠው። ግን በቅርቡ ዛፉን በሽታ ገባበት። በአንድ ዛፍ ላይ የቆመ መስመርም ያሰጋል ማለት ነው።

ጋዝ ደግሞ አለን። ኦጋዴን ውስጥ የካሉብ ጋዝ ከተገኘ ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈው። በመስከረም 2018 ዓ.ም. የጋዝ ማምረቻው የመጀመሪያው ምዕራፍ ተመረቀ። በዚያው ጊዜ ጎዴ ላይ የናይጄሪያው ባለሀብት የዳንጎቴ የማዳበሪያ ፋብሪካ የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ፤ ዕቅዱ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ ነው። የኔ አቋም ግልጽ ነው። ጋዙ እዚያው ጆንያ ይሁን። «ለከተማ ቤቶች በቱቦ ይዘርጋ» የሚል ሐሳብ አንድ ቀን ከመጣ፣ የእድሩን ነገር አስታውሱልኝ። አዲስ ድንኳን ገዝቶ አባል ከመበተን በፊት ማሰብ ደግ ነው።

«ለምን ከዓባይ መብራት ማዳበሪያ አንሠራም?» የሚል ጥያቄ ተማሪዎች ሁልጊዜ ያነሱልኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ተደርጎም ያውቃል። ያደረገው ማን መሰላችሁ? ግብፅ ናት። አስዋን ላይ ኪማ የሚባል ፋብሪካ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ በአስዋን ግድብ መብራት ውሃን እየሰነጠቀ ሃይድሮጅን ያወጣ ነበር፤ ከዚያ ማዳበሪያ ይሠራል። ኋላ ወደ ተፈጥሮ ጋዝ ዞረ። ሰከላ ላይ ከግሽ ዓባይ የፈለቀው ውሃችን ወርዶ ወርዶ የሰው አገር ስንዴ ሲያለመልም፣ እኛ ማዳበሪያውን በመርከብ እየጠበቅን ኖርን። ይኸን የምለው ለወቀሳ አይደለም። ጎበዞች ነበሩ። እንደሚቻል ያሳዩን እነሱ ናቸው።

ግን ሂሳቡን አብረን እናስላ። አንድ ኩንታል ዩሪያ በመብራት ልሥራ ብትሉ ከ500 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ይኸ ስንት ነው? አንድ ቤት በሳምንት ሁለት ጊዜ በኤሌክትሪክ ምጣድ ቢጋግር፣ የዓመቱን ሙሉ የጋገራ መብራት ይሆናል። አንድ ኩንታል፣ አንድ ዓመት እንጀራ። አንድ ሚሊዮን ቶን ብትሉ ደግሞ ከሕዳሴው ግድብ የዓመት ምርት፣ እንደ ዕቅዱ 15,700 ጊጋዋት ሰዓት ገደማ ነው፣ ከሦስት አንድ እጁን ይበላል። ዩሪያ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይፈልጋል፤ ውሃ ሲሰነጠቅ እሱ አይወጣም። አስዋኖች ለዚህ ነው ናይትሬት የሚባለውን ሌላ ማዳበሪያ ይሠሩ የነበረው።

ስለዚህ መልሴ፣ ክረምት ላይ ግድቡ ሞልቶ ውሃ ሊፈስ ሲል፣ ትርፍ መብራት ሲኖር፣ በትንሹ እንጀምር ነው። እንማርበት። ሃይድሮጅኑ የሚሄድበት ቦታ ግን ጆንያው ነው፤ ምድጃ አይደለም፤ መኪናም አይደለም። መኪናው ባትሪ ይብቃው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ሽቦው።

ጎጃም የመብራት ምንጭ አጥታ አታውቅም። ጢስ ዓባይ የመጀመሪያው ማመንጫ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ተሠራ፤ 12 ሜጋዋት የማይሞላ። በ2002 ዓ.ም. በለስ ተመረቀ፤ 460 ሜጋዋት። ውሃው ከጣና በዋሻ ተጠልፎ ይሄዳል፤ ጢስ እሳት የሳሳው በዚህ ነው። ለዚያ መብራት ፏፏቴያችንን ከፍለናል ማለት ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ 5,150 ሜጋዋቱ ሕዳሴ ተመረቀ። ቦንድ ያልገዛ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለ እጁን ያውጣ። የለም፣ አየሁ።

ትልቁ መስመርም አለ። ከበለስ ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳር በዚሁ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ሱሉልታ የሚገባው 400 ኪሎቮልት ነው። ከበላያችን ያልፋል። ከሥሩ ያለው መንደር ኩራዝ ወይ የሶላር አምፖል ያበራል። ከ400 ኪሎቮልት ላይ ቀጥታ መጥለፍ አይቻልም፤ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ከዚያ 33 ወይም 15 ኪሎቮልት፣ ከዚያ የሰፈር ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ችግራችን ያለው ከዚህ በታች ነው።

ወጣት ኢንጂነር ሳለሁ አንዲት የመንገድ ዳር ከተማ ውስጥ ገባሁ። አንዲት እናት «ምጣዴን እይልኝ» አሉኝ። ሽቦውን ሁለት ጊዜ አስቀይረዋል። እንጀራው ዓይን አላወጣ ብሏቸዋል። ቮልቴጁን ለካሁት። 160። መሆን የነበረበት 220 ነው። ቮልት በሩብ ያህል ሲቀንስ ሙቀቱ በሩብ አይደለም የሚቀንሰው፤ በግማሽ ገደማ ነው። «እትዬ፣ ምጣድዎ ደህና ነው፤ የታመመው መስመሩ ነው» አልኳቸው። «ታዲያ መስመሩን የት ወስጄ ላሠራ?» አሉኝ። እስካሁን መልስ አላገኘሁላቸውም።

ለምን 160 ሆነ? አንድ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ይስባል። 100 ኬቪኤ ትራንስፎርመር አንድ ላይ የሚችለው 28 ምጣድ ገደማ ነው። ሰፈሩ ውስጥ 150 ቤት አለ። በአዘቦት ቀን ሁሉም አንዴ ስለማይጋግር ያልፋል። የፋሲካ ዋዜማ ግን? ሁሉም ይጋግራል። ትራንስፎርመሩ የሚፈነዳው ለዚህ ነው፤ የሰይጣን ሥራ አይደለም። በዚያ ላይ ቆጣሪ መጋራት አለ። አምስት ቤት በአንድ ቆጣሪ፣ በቀጭን ሽቦ፣ በባሕር ዛፍ እንጨት ላይ ተንጠልጥሎ።

ፈረንጆቹም እዚህ ላይ ተይዘዋል። ሆላንድ ውስጥ ፋብሪካዎች መስመር ሞልቷል ተብለው ወረፋ ይጠብቃሉ። ሁሉም ቤት ማሞቂያውንና መኪናውን ወደ መብራት ሲያዞር የሰፈር ሽቦ ጠበበ። የኛ ምጣድና የነሱ ማሞቂያ አንድ ዓይነት ጥያቄ ናቸው። ለዚህ ነው ከጋዙ ታሪካቸው ይልቅ ይኸንኛውን ማጥናት የሚሻለን።

ምን ይደረግ? ትራንስፎርመር መጨመርና ወደ ቤቶቹ ማቅረብ። ረጅሙን የ33 መስመር በሁለት በኩል ማገናኘት፤ አሁን አንድ ቅርንጫፍ ሲወድቅ ወረዳው ሁሉ ይጨልማል። ሌሊት የሚፈጩ ወፍጮዎች ቢኖሩ መስመሩ ያርፋል፤ ሌሊት ርካሽ ይሁንላቸው። ምጣዱ ራሱ ሙቀት የሚይዝ ቢሆን ብዙ ይቆጥባል። እዚህ ያላችሁ የቴክኒክ ተማሪዎች፣ ከሃይድሮጅን መኪና በፊት ጥሩ ምጣድ ሥሩልኝ።

መብራት ኃይል ሰፈር ውስጥ ስንት ምጣድ እንዳለ አያውቅም። ቆጣሪውን ነው የሚያውቀው። እኛ ግን እናውቃለን። በሩ ላይ ሁለት ተማሪዎች ወረቀት ይዘው ቆመዋል። ሰፈራችሁን፣ በአንድ ቆጣሪ ስንት ቤት እንዳለ፣ በየትኛው ቀን እንደምትጋግሩ አስመዝግቡ። ቮልት መለኪያም አላቸው፤ ፈቃደኛ ለሆነ ቤት ቅዳሜ ማታ መጥተው ይለካሉ። ስም አይጻፍም። ጆንያውን ደግሞ እንዳትወስዱብኝ፣ እናቴ ትጠብቃለች።