ካርዷ ላይ ምን ተጽፎ ነበር?

እንዴት አመሻችሁ፣ በዚህ ብርድ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ሶፍት በሩ ጋ አለ፣ ያልያዘ አሁኑኑ ሄዶ ያምጣ፣ ቀልድ አይደለም።

ዛሬ የምናየው ዳርክ ቪክቶሪ ነው፣ ዋርነር ብራዘርስ እ.ኤ.አ. በ1939 የሰራው፣ ዳይሬክተሩ ኤድመንድ ጎልዲንግ፣ ዋናዋ ቤቲ ዴቪስ፣ እና ልጅቷ መጨረሻ ላይ ትሞታለች። አዎ ተናገርኩት! ምን ላድርግ፣ ፊልሙ ራሱ ገና ሳይጋመስ ይነግራችኋል። እኔን ሁሌ የሚይዘኝ ማን ያውቃል፣ ማንስ ከማን ይደብቃል የሚለው ነው።

ጁዲት የሎንግ አይላንድ ሀብታም ልጅ ናት፣ ፈረስ፣ ሲጋራ፣ ፓርቲ፣ በቃ። ራሷን ያማታል፣ ትንቀዋለች፣ ፈረስ ላይ ሆና አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያትና ትወድቃለች። እየጎተቱ ዶክተር ስቲል ጋ ይወስዷታል፣ እሱ ደግሞ ስራውን ትቶ ወደ ቬርሞንት ሊሄድ ባቡር ሊሳፈር ነው። ምርመራውን በደንብ እዩልኝ። ዓይኗን አስጨፍኖ እጇ ላይ ዕቃ ያስቀምጥላታል፣ በአንዱ እጇ ታውቀዋለች፣ በሌላው ምን እንደያዘች አታውቅም። ጣቶቿ መሀል ሲጋራ አቃጥሏታል፣ እሷ ግን አልተሰማትም።

ጭንቅላቷ ውስጥ ዕጢ ነው። ኦፕራሲዮን ትሆናለች፣ ግን ዕጢው ተመልሶ ይመጣል፣ ይሄን ዶክተሩና ጓደኛዋ አን ያውቃሉ፣ እሷ ድነሻል ተብላ ትስቃለች፣ እንዲያውም ዶክተሩን ልታገባው ነው። ከዛ አንድ ቀን ቢሮው ውስጥ የራሷን ካርድ ታገኛለች። ቀጥሎ ሬስቶራንት ተቀምጣ ሜኑ ይዛ፣ ካርዷ ላይ ያነበበችውን የሐኪም ቃል እንደ ምግብ ስታዝ የዶክተሩንና የአንን ፊት እዩት።

ይሄ የድራማ ጸሐፊ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1961 ቺካጎ ውስጥ ሐኪሞች ተጠይቀው ከ100 90 ያህሉ ካንሰር ያለበትን ሰው ባንነግረው ይሻላል ብለዋል፣ በ1979 አሜሪካ ውስጥ ያው ጥያቄ ሲጠየቅ ተገልብጦ 97 ያህሉ እንነግራለን አሉ። እኛ ጋ ግን እስካሁን ታማሚዋ ወንበር ላይ ትቀመጥና ዘመድ ወደ ኮሪደር ይጠራል። አክስቴ ላይ ያደረግነው ይሄንኑ ነው፣ እኔም ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ነበር። ለካ ታውቅ ኖሯል። በኋላ ምን አለችኝ መሰላችሁ፣ "ድንገት የሚጨቃጨቀኝ ሰው ጠፋ፣ ያኔ ገባኝ።"

በመሀል ሀምፍሪ ቦጋርት ፈረስ አሰልጣኝ ሆኖ አይሪሽ ለመምሰል ይታገላል፣ እለፉት። ያ ሁሌ የሚጠጣው ልጅ ደግሞ ሮናልድ ሬገን ነው፣ አዎ፣ በኋላ ፕሬዝዳንት የሆነው።

መጨረሻው ቬርሞንት ነው፣ ተጋብተው። ዓይኗ ሲጨልም የቀራት ሰዓታት ብቻ መሆኑን ታውቃለች። ባሏ በዛው ቀን ለስራ ኒውዮርክ ይጠራል፣ እና አትነግረውም፣ እያየች መስላ ሻንጣውን አዘጋጅታ ትሸኘዋለች። እሷ ላይ ሲደብቁ የሚያናድደኝ ሰውዬ እሷ ስትደብቅ ዝም እላለሁ፣ ምክንያቱም በሽታው የሷ ነዋ፣ ሞቱም የሷ። ብዙ ሰው ፍቅር ነው ይላል፣ እኔ ትንሽ ኩራትም አለበት ባይ ነኝ፣ ከፈለጋችሁ በኋላ እንከራከራለን።

ከመሸኘቷ በፊት ግን ግቢ ውስጥ ከአን ጋር አበባ ሲተክሉ የምታዩት ነገር አለ፣ እዛ ጋ ማንም እንዳያወራብኝ። ደመና የመጣ ይመስላታል፣ ጨለመ ትላለች፣ ፀሐዩ ግን እጇን እየሞቃት ነው። ያ ዶክተሩ ጋ ዕቃ መለየት ያቃተው እጅ።

እሺ፣ መብራት አጥፉልኝ።