ቀስ ብሎ መንዳት ነው ከባዱ

እንደምን ዋላችሁ! ቅዳሜያችሁን ሰውታችሁ እዚህ ስለተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለነው አብዛኞቻችን አርባን ያለፍን ነን። ሃምሳን የተሻገራችሁም አላችሁ፤ እኔም ከእናንተው ወገን ነኝ። ሞተር ሳይክል ለመማር ስትመዘገቡ ቤተሰብ ተቆጥቶ፣ ጎረቤት ተገርሞ እንደሆነ አውቃለሁ። «በዚህ ዕድሜ?» ያላላችሁ የለም።

ዛሬ አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው የመጣሁት። ማንም አያጣድፋችሁ። ሞተር ላይ ከባዱ ነገር ቀስ ብሎ መንዳት ነው። እሱን ሳትችሉ መስቀል አደባባይ አትግቡ።

ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ሞተር ፈጠን ብሎ ሲሄድ ሚዛኑን በአብዛኛው ራሱ ይጠብቃል። በእግረኛ ፍጥነት ሲሆን ግን ሚዛኑ የእናንተ ሥራ ነው። ግራ እጅ ፍሪሲዮን ይዟል፤ የሞተሩን ኃይል ከጎማው የሚያቋርጠውና የሚያገናኘው እሱ ነው። ቀኝ እጅ ነዳጅ ይሰጣል፤ የፊት ፍሬኑም እዚያው ነው። ማርሹ በግራ እግር፣ የኋላ ፍሬኑ በቀኝ እግር ነው። ዓመታት መኪና የነዳ ሰው እንኳ መጀመሪያ ላይ ግራ ይገባዋል፤ ፍሪሲዮኑን በእግሩ ይፈልጋላ!

እስቲ ቸርችል ጎዳናን አስቡት። ከማዘጋጃ ቤት ቁልቁል ወደ ለገሃር መውረድ ደስ ይላል። ጉዱ ሽቅብ ስትመለሱ ነው። መብራት ይዟችሁ ዳገቱ መሃል ቆማችኋል። ከኋላችሁ ሚኒባስ ተጠግቶ ክላክስ ያንባርቃል። ቀኝ እግራችሁ የኋላ ፍሬኑን እንደረገጠ ይቆይ። ፍሪሲዮኑን ቀስ እያላችሁ ልቀቁት። ድምፁ ወፈር ብሎ ሞተሩ ወደፊት መሳብ የሚጀምርባት ቦታ አለች። እጃችሁ እዚያች ላይ ይቁም። ትንሽ ነዳጅ ጨምሩ። ፍሬኑን የምትለቁት ከዚያ በኋላ ነው። እንዲህ ከሆነ ሞተሩ ወደ ኋላ ስንዝር አይንሸራተትም። ይቺን ቦታ እጅ የሚያውቃት ደጋግሞ ሲሞክራት ነው። ስለዚህ አሠልጣኛችሁ «በቃ፣ ገብቶሻል፣ እንለፍ» ቢላችሁም እናንተ ካልረካችሁ «አንዴ ልድገም» በሉ። ክላክስ የሚነፋውም ሰውዬ ይጠብቅ፤ መንገዱ የእናንተም ነው።

እኔን ያሠለጠነኝ ልጅ ከልጄ ጋር እኩያ ነው። «ማዘር፣ ጎማውን አይዩ፤ የሚሄዱበትን ይዩ» ይለኝ ነበር። ልክ ነው። ሞተር ዓይን ወዳለበት ይሄዳል። ጉድጓድ ላይ ካፈጠጣችሁ ጉድጓዱ ውስጥ ናችሁ። ስምንት ቁጥር ስትሠሩ አገጫችሁን ወደ መውጫው አዙሩ፤ እጃችሁ ራሱ ይከተላል። ይህን ልጅ እስከ ዛሬ የማመሰግነው ግን በሌላ ነገር ነው። አንድም ቀን «ምንም አይሆኑም» ብሎኝ አያውቅም። ስፈራ ሞተሩን ያጠፋና «ምኑ ነው ያስፈራዎት?» ብሎ ይጠይቀኝ ነበር። እዚህ ያላችሁ አሠልጣኞች፣ እባካችሁ እንዲሁ ጠይቁን። በዚህ ዕድሜ ያለ ሰው የሚፈራው አጥንት ሲሰበር ምን እንደሚያስከትል ስለሚያውቅ ነው። የሚያስተዳድረው ቤት አለው። ፍርሃቱን በ«አይዞህ» ብቻ አትለፉት።

መውደቅም አለ፤ ልደብቃችሁ አልፈልግም። አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው የቆመ ወይም በዝግታ የሚዞር ሞተር ነው። ብዙዎቹ ከ100 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ። ጎንበስ ብላችሁ በወገባችሁ ለማንሳት እንዳትሞክሩ! መጀመሪያ ቁልፉን አጥፉ። እንዳይንሸራተት ማርሽ ውስጥ ይግባ። በቀኝ ጎኑ ከወደቀ የጎን መቆሚያውን ቀድማችሁ ዘርጉ፤ ስታቆሙት ወደ ማዶ እንዳይወድቅባችሁ። ከዚያ ጀርባችሁን ለመቀመጫው ስጡ። በአንድ እጅ የመሪውን ጫፍ፣ በሌላው ከመቀመጫው ኋላ ያለውን ብረት ያዙ። ጉልበት ይታጠፍ፣ ወገብ ቀጥ ይበል። በትንንሽ እርምጃ ወደ ኋላ እየተራመዳችሁ በመቀመጫችሁ ግፉት። ክብደቱን የሚሸከመው እግር ነው። ከእኔ በጣም የቀጠነች ሴት ብቻዋን ስታነሳው በዓይኔ አይቻለሁ። እሱን ካየሁ በኋላ ግማሹ ጭንቀቴ ለቀቀኝ። ስለዚህ ይህ ትምህርት በመጀመሪያው ቀን እንዲሰጥ እጠይቃለሁ።

ወደ አስፋልት ስትወጡ ከሁሉ በፊት ሚኒባስ ታክሲን እወቁት። ከሜክሲኮ ወደ ስታዲየም እየሄዳችሁ ነው እንበል። ረዳቱ «ወራጅ አለ!» ሲል ታክሲው ያለ ፍሬቻ ወደ ቀኝ ጥግ ይገባል። በሩም ወዲያው ይከፈታል። በታክሲና በእግረኛ መንገድ መካከል በፍጹም አትግቡ፤ ቦታው ሰፊ ቢመስልም። የፊት ጎማውን ተመልከቱ፤ ከፍሬቻው በፊት የሚናገረው እሱ ነው። በኮሪደር ልማቱ የተሠራው የብስክሌት መንገድም የብስክሌት ነው፤ መንገድ ሲዘጋ እዚያ ዘው የሚሉትን እንዳትከተሉ።

ፍጥነትንም በሜትር አስቡት። በ40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ስትሄዱ በአንዲት ሰከንድ 11 ሜትር ታልፋላችሁ። ፍጥነቱ ከ30 ወደ 60 ሲያድግ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። የእኛ ዓይን ደግሞ ማታ የመኪና መብራት ሲያርፍበት ቶሎ አያገግምም። እኔ ከመሸ አልነዳም፤ ማንም አስገድዶኝም አይደለም። ዝናብ ሲጀምርም ቆም በሉ። በጣም የሚያንሸራትተው መጀመሪያ ላይ ነው፤ አቧራውና የፈሰሰው ዘይት ገና አልታጠበም። የዜብራ ቀለምና መንገዱ ላይ ያለው የጉድጓድ ብረት ክዳን በርጥበት ጊዜ አይታመኑም።

ሞተር ለመግዛት ግን አትቸኩሉ። ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ ያለ ልዩ ፈቃድ ሞተር መንዳት መታገዱን ታስታውሳላችሁ። ምክንያቱ በሞተር የሚፈጸም ዝርፊያ ነበር። ያኔ በላባቸው የሚያድሩ ብዙ ሞተረኞች በጥርጣሬ ዓይን ታዩ፤ ይህ እስካሁን ያሳዝነኛል። ስለዚህ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት መመሪያው ዛሬ ምን እንደሚል ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ ጠይቁ። የኤሌክትሪክ ሞተሮችንም ሞክሯቸው። አብዛኞቹ ፍሪሲዮንም ማርሽም የላቸውም፤ ይህ ለእኛ ትልቅ እፎይታ ነው። ግን ነዳጅ እንደሚሰጥ ሰው እጀታውን ጠምዘዝ ስታደርጉት ወዲያው ይስፈነጠራሉ። ድምፅም ስለሌላቸው እግረኛው አይሰማችሁም።

ይህን ሁሉ ሰምታችሁ «ታዲያ ምን አስለፋን?» እንዳትሉ። እሑድ ማለዳ ከአራት ኪሎ ተነስቼ በስድስት ኪሎ በኩል ሽቅብ ስወጣ፣ የእንጦጦ ብርድ ደረቴን ሲመታኝ የሚሰማኝን ደስታ ልነግራችሁ ቃል ያጥረኛል። ዕድሜዬን በታክሲ ሰልፍ አሳልፌያለሁ። መሪው በእጄ ሲሆን ግን ሌላ ሰው ነኝ። ይህ ደስታ እናንተም ጋ እንዲደርስ አጥብቄ እመኛለሁ። ለዚህ ነው ጊዜ ውሰዱ ብዬ የምጨቀጭቃችሁ።

አሁን ወደ ሥራ እንግባ። ከኋላ ጠረጴዛው ላይ በተለያየ መጠን ሄልሜቶች ተደርድረዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ደህና ሄልሜት በትክክል ማሰር የመሞትን ዕድል ወደ 40 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ስታጠልቁት ጉንጫችሁን ጨበጥ ሊያደርግ ይገባል። አስራችሁ ራሳችሁን ነቅንቁ፤ ቆዳችሁ አብሮት ካልተንቀሳቀሰ ሰፍቷችኋልና ቀይሩት። ማሰሪያው ሥር ከሁለት ጣት በላይ አይግባ። መነጽር የምታደርጉ በመነጽራችሁ ሞክሩት። አሠልጣኞቹ እዚያው ስላሉ መጠናችሁን አስመዝግባችሁ ውጡ።

አመሰግናለሁ።