ተደግፎ ለመነሳት የሚሆን ወንበር

ሰላም እንደምን ሰነበታችሁ ወዳጆቼ። ከደብረ ማርቆስ ነው የማወራችሁ፤ ጓሮዬ ውስጥ እንጨት ከምሠራባት የቆርቆሮ ክፍል። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ስለ አንድ ነገር ብቻ ላውራ፤ ክንድ ስላለው የእንጨት ወንበር።

የወንበር ክንድ ለምንድን ነው የሚሠራው ብትሉ ብዙ ሰው "እጅ ለማሳረፍ" ይላችኋል። እውነት ነው፣ እጅ ያርፍበታል። ለእኔ ግን ዋናው ሥራው ሌላ ነው። ክንድ የሚሠራው ሰው ተደግፎት እንዲነሳ ነው። ይሄን ካመንኩበት ወዲህ ወንበር የምሠራበት መንገድ በሙሉ ተቀይሯል።

አስቡት፤ በእኛ አገር አቀማመጣችን ዝቅ ያለ ነው። መደብ አለ፣ ዱካ አለ፣ በርጩማ አለ። ለወጣት ችግር የለውም። ጉልበት ሲደክም ግን ጭንቁ መቀመጡ አይደለም፣ መነሳቱ ነው። ጎረቤታችን አንዲት እማሆይ አሉ። ቡና ሲጠሩ በሩ ጋ ቆመው መጠጣት ነው የሚወዱት። ግቡ፣ ተቀመጡ ሲባሉ "ከተቀመጥኩ ማን ያነሳኛል ልጄ?" ይላሉ።

ከተማ ውስጥ ደግሞ ሶፋ ገብቷል። ስፖንጁ ይሰምጣል፣ ወደ ኋላም በጣም ይገባል። አንድ አዛውንት እዚያ ላይ ሲቀመጡ ጉልበታቸው ከዳሌያቸው በላይ ይሆናል። ለመነሳት ሁለት ሰው በሁለት እጃቸው ይጎትታቸዋል። ይሄ ነገር በጣም ያናድደኛል። ልጆች ያሳደገ ሰው በገዛ ቤቱ ሽንት ቤት ለመሄድ "አንሱኝ" ማለት የለበትም።

እስቲ ሰው ከወንበር ሲነሳ ልብ ብላችሁ እዩ። መጀመሪያ ወደ ጫፉ ይጠጋል። ከዚያ እግሩን ወደ ኋላ፣ ወደ ወንበሩ ሥር ይስባል። ደረቱን ወደ ፊት ዘንበል ያደርጋል። በመጨረሻ በእጁ ይገፋል። ወንበሩ ከእነዚህ አንዱን እንኳ ከከለከለ አስቸጋሪ ነው።

እግር ወደ ሥር እንዲገባ ከፊት በታች በኩል አግዳሚ እንጨት መኖር የለበትም። ስለዚህ እኔ የፊትና የኋላ እግሩን በጎንና በጎን አያይዛለሁ። ሁለቱን ጎኖች ደግሞ መሀል ላይ በሚያልፍ አንድ አግዳሚ አገናኛለሁ። የፊቱ ክፍት ይሆናል። መቀመጫው ከመሬት 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ለረጅም ሰው ትንሽ ከፍ ይላል። ከፊት ወደ ኋላ ያለው ጥልቀት ከ45 እንዲያልፍ አልፈልግም። ካለፈ ሰውዬው ወይ ጀርባው መደገፊያውን አይነካም፣ ወይ እግሩ ይንጠለጠላል።

አሁን ወደ ክንዱ ልምጣ። ከመቀመጫው ከ20 እስከ 22 ሴንቲ ሜትር ከፍ አደርገዋለሁ። ጫፉ እስከ መቀመጫው የፊት ጠርዝ ድረስ መምጣት አለበት። በየሱቁ የማያቸው ብዙ ወንበሮች ክንዳቸው መሀል ላይ ይቀራል። ለዓይን ያምራል። ሰው ወደ ጠርዙ ተጠግቶ ሊነሳ ሲል ግን እጁ የሚይዘው ነገር ያጣል። ጫፉን ደግሞ አከበዋለሁ፤ መዳፍ ሞልቶ እንዲይዘው፣ ጣቶችም ከሥር እንዲጠቀለሉ።

ሰው ሲነሳ ከሰውነቱ ክብደት የተወሰነው እዚያ ጫፍ ላይ ያርፋል። ስለዚህ የፊት እግሩ ከመሬት እስከ ክንዱ አንድ ወጥ እንጨት ነው። ምስማር እዚህ ቦታ አላምንም። ሰው በገፋው ቁጥር ይላላል። አንዱን እንጨት በመሮ እበሳለሁ፣ የሌላውን ጫፍ አሳንሼ እሰካለሁ፣ ከዚያ ኮላ። የሚሰካው ጫፍ በእጅ ግፊት ብቻ ከገባ ቀዳዳው ሰፊ ነው፤ በመዶሻ ሲመታ እያቃሰተ መግባት አለበት።

እንጨቱስ? ዋንዛ ነው የምወደው። ክብደቱ መካከለኛ ነው፣ መላጊያ ይታዘዝለታል። ቀይ ቡናማው ውስጡ ምስጥን ይቋቋማል። ከቅርፊቱ ሥር ያለውን ነጣ ያለ ክፍል ግን ነቀዝ ይወደዋል፤ ስለዚህ ቆርጬ አወጣዋለሁ። በጎጃም ገበሬው ሲያርስ ዋንዛን ማሳው መሀል ይተወዋል። ጥላ ይሆነዋል፣ ልጆችም ፍሬውን ይበላሉ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና የሀበሻ ጥድን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር። ይሄ ዛፍ እንደ ልብ የሚገኝ አይደለም። እኔ ከማሳ የወጣ መሆኑን ሳላረጋግጥ አልገዛም፤ የማይታየውን ክፍል ደግሞ በግራቪሊያ እሠራለሁ። ባህር ዛፍ ርካሽ ነው፤ ሲደርቅ ግን ይጣመማል፣ ጫፉም ይሰነጠቃል።

መድረቁን ለምን አጥብቄ እላለሁ? እንጨት ሲደርቅ በወርዱ ይጠባል፤ በርዝመቱ ግን እምብዛም አይለወጥም። በክረምት የተሰነጠቀ ርጥብ ጣውላ ዛሬ ብትሰኩት በበጋ ማጋጠሚያው ይከፈታል። ሻጩ "ደርቋል" ይላችኋል። 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ጥላ ሥር፣ በመሀሉ አየር እያለፈ፣ አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል።

መቀመጫውን በጠፍር እወጥረዋለሁ። የጠፍር አልጋ ላይ የተኛ ሁሉ ያውቀዋል። የበሬ ቆዳው በውሃ ይርሳል፣ እንደረጠበ ይወጠራል፣ ሲደርቅ ይኮማተርና ይጠብቃል። ጉልበቱ ቀላል አይደለም፤ አግዳሚው ቀጭን ከሆነ ወደ ውስጥ ይቆለምመዋል። ኮላው በደንብ ሳይደርቅም ጠፍር አይወጠርም። እንደ ስፖንጅ አይሰምጥም፣ ሰውን ወደ ላይ ይይዛል። የማርቆስ ብርድ ስላለ ከላዩ አጎዛ ይነጠፍበታል።

ለክንዱ ቫርኒሽ አልቀባም። እጅ ሁልጊዜ የሚይዘው ቦታ ላይ ቫርኒሽ ይላጣል፤ አንዴ ከተላጠ ሙሉውን መፋቅ ነው። በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ የተልባ ዘይት እቀባዋለሁ። ቶሎ አይደርቅም፣ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ግን ሲደበዝዝ እቤት ያለ ሰው ራሱ ሊያድሰው ይችላል። አደራ፣ ዘይት የነካውን ጨርቅ ጠቅልላችሁ አትጣሉት። ራሱን በራሱ አሙቆ እሳት ሊፈጥር ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት።

ለአባታችሁ ወይም ለእናታችሁ ወንበር ልታሠሩ ካሰባችሁ ዲዛይን ከስልክ ላይ ከመምረጣችሁ በፊት ሜትር ያዙ። ቤት የሚያደርጉትን ጫማ አድርገው ይቀመጡ። ከወለሉ እስከ ጉልበታቸው ማጠፊያ ድረስ ለኩ። ክርናቸውን አጥፈው ከመቀመጫው እስከ ክርናቸው ለኩ። የዳሌያቸውን ስፋት ለኩና ለጋቢው ቦታ ጨምሩበት። እነዚህን ሦስት ልኬቶች ለአናጢያችሁ ስጡት፤ ክንዱ እስከ ጠርዙ እንዲመጣም አጥብቃችሁ ንገሩት። ያልገባችሁ ካለ በድምፅ መልእክት ላኩልኝ፣ አብረን እናሰላዋለን። በሉ ደህና ሁኑ።