ሁለት ፊደልና አንድ ፈትዋ፦ የዘመናችን ጽንፈኞች ሐሳብ ከየት መጣ?

[ምስል፦ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሁለት የዓረብኛ ቃላት ጎን ለጎን]

ተራኪ፦ እነዚህን ሁለት ቃላት ተመልከቱ። አንደኛው «ዩዓመል» ነው፤ «ይስተናገዳል» ማለት ነው። ሌላው «ዩቃተል»፤ «ይወጋል»። አምስት አምስት ፊደል አላቸው፤ የሚለያዩት በሁለቱ ብቻ ነው። በእጅ ጽሑፍ፣ በተለይ ነጥቡ በቅጡ ካልተደረገ፣ ዓይን ያሳስታሉ። ስክሪኑ ላይ ያለውን «ይወጋል» አጥብቃችሁ አንብቡት፤ ላልቶ ከተነበበ ተወጊው ወጊ ይሆናል። የእኛም ፊደል እንዲህ ያሳስታል።

[ምስል፦ ካርታ፤ ማርዲን፣ ሐራን፣ ደማስቆ]

ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተከተሉኝ። ማርዲን ዛሬ በደቡብ ምሥራቅ ቱርክ ያለች ከተማ ናት። በ1300 አካባቢ ገዥዎቿ ሙስሊሞች ነበሩ፤ የሚገብሩት ግን ለሞንጎሎች ነው። ለደማስቆው ዓሊም (የእስልምና ሊቅ) ለኢብን ተይሚያ ጥያቄ ቀረበለት፦ ይህች ከተማ የእስልምና አገር ናት ወይስ የጦርነት አገር፣ ማለትም በእስልምና የማይገዛ? ሙስሊሞቿስ ጥለው መሰደድ አለባቸው? ኢብን ተይሚያ ራሱ በ1263 ሐራን ተወልዶ፣ ገና ልጅ ሳለ ቤተሰቡ ሞንጎሎችን ሸሽቶ ደማስቆ የገባ ሰው ነው። መልሱ፣ ማለትም ፈትዋው (የሃይማኖት ሕግ ብይኑ)፣ ግን የረጋ ነበር። የነዋሪዎቹ ደምና ንብረት የተጠበቀ ነው፤ ሙናፊቅ (አስመሳይ አማኝ) ብሎ መስደብ አይቻልም፤ ሃይማኖታቸውን መፈጸም ከቻሉ የመሰደድ ግዴታ የለባቸውም። ከተማዋ ከሁለቱም ያልሆነች ሦስተኛ ዓይነት ናት፤ ሙስሊሙ እንደሚገባው፣ ከሸሪዓ የወጣውም እንደሚገባው «ይስተናገዳል»።

በደማስቆ የተገኘው የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል። ተማሪው ኢብን ሙፍሊህም የጠቀሰው እንዲሁ ነው። በ1909 ካይሮ ላይ የታተመው የፈትዋዎቹ ስብስብ ግን የመጨረሻውን ቃል «ይወጋል» አደረገው። የኋላ እትሞች ይህንኑ ገለበጡ፤ በእነሱ በኩልም ለዘመናችን አንባቢ ደረሰ።

ይህን ስህተት የነገሩ ሁሉ ምንጭ አድርገው የሚያወሩ አሉ፤ ማጋነን ነው። ኢብን ተይሚያ ስለ ሞንጎሎች የሰጣቸው ሌሎች ፈትዋዎች አሉ፤ እነዚያ የማተሚያ ቤት ስህተት አይደሉም። የሞንጎሉ ንጉሥ ጋዛን በ1295 ሰልሟል። ሠራዊቱ ግን ሶሪያን መውረሩን አልተወም። ግብፅንና ሶሪያን ይገዙ የነበሩት የማምሉኮች ወታደሮች ግራ ገባቸው፦ ሸሃዳ (የእስልምናን የእምነት ምስክርነት) የሚል ሰው ላይ ሰይፍ እንዴት ይመዘዛል? ኢብን ተይሚያ ይመዘዛል አለ፤ በሸሪዓ ሳይሆን በጄንጊስ ካን ሕግ፣ በያሳ፣ ነው የሚገዙት ብሎ። በ1303 ከደማስቆ በስተደቡብ በሸቅሐብ በተደረገው ውጊያም ከሠራዊቱ ጋር ነበር። ፈትዋው የተሰጠው ድንበር ጥሶ በመጣ ወራሪ ላይ ነው፤ የተዋጋውም የመንግሥት ጦር ነው። ይህን ያዙት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

[ምስል፦ «ተክፊር» የሚለው ቃል ብቻውን]

ተክፊር ማለት ሙስሊም ነኝ የሚልን ሰው «ካፊር (ከሃዲ) ነህ» ብሎ መፍረድ ነው። በፊቅህ (በእስልምና የሕግ ትምህርት) ከባድ ጉዳይ ነው። «ይህን ያደረገ ከፍሯል» የሚለው አጠቃላይ አነጋገር በአንድ በታወቀ ሰው ላይ ከመዋሉ በፊት ሰውዬው ይመረመራል። ባለማወቅ ነው? ተገዶ ነው? ሳያስበው አምልጦት ነው? ወይስ ማስረጃውን አጣሞ ተረድቶ? ከእነዚህ አንዱ ከተገኘ ፍርዱ አይጸናበትም። ይህን ልዩነት አጥብቀው ከጻፉት አንዱ ደግሞ ራሱ ኢብን ተይሚያ ነው። ጽንፈኛው የሚዘለው ይህን ምርመራ ነው።

[ምስል፦ ካይሮ፣ የቱራ እስር ቤት ግንብ]

ሐሰን አል-በና የሙስሊም ወንድማማችነት ማኅበርን በ1928 ኢስማዒሊያ ላይ ሲመሠርት አብረውት የነበሩት ስድስት የስዊዝ ቦይ ሠራተኞች ናቸው። ስብከቱ ኅብረተሰቡን ከታች ማነጽ ነበር፤ ኋላ ግን የታጠቀ ስውር ክንፍም አበጀ። በጥቅምት 1954 እስክንድርያ ላይ በግብፁ መሪ በጋማል አብደል ናስር ላይ ተተኮሰ፤ ናስር ተረፈ፣ አባላቱ በሺዎች ታሰሩ። ከነዚህ አንዱ የሥነ ጽሑፍ ሐያሲ የነበረው ሰይድ ቁጥብ ነው። በ1957 ቱራ ውስጥ የእስር ቤቱ ጠባቂዎች 21 የማኅበሩን እስረኞች ተኩሰው ገደሉ። ገዳዮቹ በስም ሙስሊሞች ናቸው። ቁጥብ ከሕንድ ክፍለ አህጉሩ ከመውዱዲ ያገኘውን «ጃሂሊያ» የሚል ቃል ይዞ ገፋበት። ቃሉ ከእስልምና በፊት የነበረውን የድንቁርና ዘመን ይጠራ ነበር፤ ቁጥብ ግን የዛሬን ኅብረተሰብ፣ ሙስሊሙን ጭምር፣ ጃሂሊያ አለው። ዋናው መጽሐፉ በ1964 ወጣ፤ እሱም ነሐሴ 29 ቀን 1966 ተሰቀለ።

ብዙ ጊዜ የማይወራ አንድ ነገር አለ። ለዚህ ሐሳብ መልስ የወጣው ከዚያው ማኅበር፣ ከመሪው ከሐሰን አል-ሁደይቢ ስም ነው። የመጽሐፉ ርዕስ «ሰባኪዎች እንጂ ዳኞች አይደለንም» እንደማለት ነው፤ ሌላውን ማክፈር የእኛ ሥራ አይደለም ይላል። ወጣቶቹን ሁሉ ግን አልመለሰም። ሹክሪ ሙስጠፋ የሚባል የቀድሞ እስረኛ ከቡድኑ ውጭ ያለውን ኅብረተሰብ አከፈረ። ቡድኑ በ1977 የቀድሞውን የአውቃፍ (የሃይማኖት ጉዳዮች) ሚኒስትር ሼክ ሙሐመድ አል-ዘሀቢን አፍኖ ገደለ። ሟቹ የካይሮው የእስልምና ትምህርት ተቋም የአዝሃር ዓሊም፣ የቁርኣን ተፍሲር (ትርጓሜ) ምሁር ነበሩ።

[ምስል፦ ጥቅምት 6 ቀን 1981፣ ካይሮ፣ የወታደራዊ ሰልፍ መድረክ]

ሞንጎሎች የሚመለሱት እዚህ ነው። ሙሐመድ አብደል ሰላም ፈረጅ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ እንጂ ዓሊም አልነበረም። የጻፈው ትንሽ መጽሐፍ ክርክሩ አጭር ነው፦ ሞንጎሎች ሰልመው በያሳ ገዙ፤ የግብፅ መንግሥትም እየሰገደ ከአውሮፓ በመጣ ሕግ ይገዛል፤ ስለዚህ ይወጋል። የማርዲኑንም ፈትዋ በተሳሳተው ንባብ ጠቅሶታል። ከእስራኤል በፊት ቅርቡ ጠላት ይቅደም አለ። በፈረጅ ቡድን ውስጥ የነበረው መኮንን ኻሊድ ኢስላምቡሊና ጓደኞቹ በሰልፉ ላይ ፕሬዚዳንት አንዋር ሳዳትን ገደሉ። ፈረጅና ኢስላምቡሊ በሚያዝያ 1982 በሞት ተቀጡ። የግብፅ ሙፍቲ (ዋናው ፈትዋ ሰጪ) ጃድ አል-ሐቅ ለመጽሐፉ ነጥብ በነጥብ መልስ ሰጥተዋል፤ ከተማ አቃጥሎ የመጣን ወራሪ ሶላት ከሚሰገድበት፣ መስጊዱ ክፍት ከሆነበት አገር ጋር ማመሳሰል አይሆንም ነው ነገሩ።

ከሳዳት ግድያ በኋላ በተደረገው አፈሳ ታስሮ በ1984 የተፈታው ሐኪም አይመን አል-ዘዋሂሪ ወደ ፓኪስታኗ ፔሻዋር ሄደ። እዚያ አብደላህ አዛም ለአፍጋኒስታን ጦርነት ዓረብ በጎ ፈቃደኞችን የሚቀበል ቢሮ ከፍቶ ነበር። በ1988 አልቃኢዳ ተመሠረተ። የአልቃኢዳ መሪዎች የፈረጅን ቅደም ተከተል ገልብጠው «ሩቁ ጠላት» አሜሪካ ይቅደም ያሉት በ1990ዎቹ ነው። ከ2003 በኋላ ደግሞ ኢራቅ ውስጥ የአልቃኢዳን ክንፍ የመራው አል-ዘርቃዊ ተክፊሩን ወደ ተራው ሺዓ ሕዝብ አወረደው። ከገዥው ተነስቶ ወታደሩ፣ ቀጥሎ ጸሐፊው፣ በመጨረሻም ገበያ የወጣው ሰው።

[ምስል፦ ማርዲን፣ መጋቢት 2010]

በመጋቢት 2010 አብደላህ ቢን በያህን ጨምሮ ዓሊሞች እዚያችው ማርዲን ተሰብስበው የእጅ ጽሑፉን ንባብ አስታወቁ፦ «ይስተናገዳል»። ፈትዋውን ለዛሬ ግድያ ማስረጃ ማድረግ ስህተት ነው አሉ። በዚያው ዓመት የመን ውስጥ የነበረው አንዋር አል-አውላኪ በአልቃኢዳ መጽሔት ላይ መግለጫቸውን የሚነቅፍ ጽሑፍ አወጣ።