ኖሮ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬም ከጎንደር ነኝ። ውጭ ዝናብ ስላለ የቆርቆሮው ድምፅ ከገባባችሁ ይቅርታ።

ዛሬ የማወራው «ሎስት» ስለሚባለው የአሜሪካ ተከታታይ የቴሌቪዥን ፊልም ነው። መጨረሻውን ስለምናገር፣ ጀምራችሁ ያልጨረሳችሁ ካላችሁ እዚህ ላይ አቁሙኝ።

እኛ ቤት የገባው በሲዲ ነው። ታላቅ ወንድሜ ፒያሳ ካለ ቪዲዮ ቤት እየተከራየ ያመጣ ነበር። አሜሪካ መታየት የጀመረው መስከረም 12 ቀን 1997 ነው። በታሪኩ ውስጥም አውሮፕላኑ የሚወድቀው በዚያው ቀን ነው፤ ከሲድኒ ወደ ሎስ አንጀለስ ሲበር ደሴት ላይ ይከሰከሳል። ጃክ የሚባለው ሐኪም የአባቱን አስከሬን ይዞ ወደ አገሩ እየተመለሰ ነበር።

የእኛ አባት የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ሊማሊሞ ላይ ነው ያጣነው። ያን ቀን ተራው አልነበረም። ባልደረባው ታሞበት ተክቶት ነው የወጣው።

አምስተኛው ሲዝን ላይ ሰዎቹ በጊዜ ወደ ኋላ ተመልሰው እ.ኤ.አ. 1977 ውስጥ ይገኛሉ። ዳንኤል ፋራዴይ የሚባል ፊዚክስ አዋቂ ከመካከላቸው አለ። መጀመሪያ ላይ «የሆነው ሆኗል፣ አይለወጥም» ሲል የነበረ ሰው ነው። በኋላ ሐሳቡን ይለውጣል። ደሴቱ ላይ ያለውን የሃይድሮጂን ቦምብ ብናፈነዳ፣ ወደፊት አውሮፕላኑን የሚጥለው ኃይል ይጠፋል ይላል። ያ ከሆነ አውሮፕላኑ አይወድቅም፤ ያ ሁሉ መከራም አይመጣም። መጨረሻ ላይ ከእነሱ አንዷ የሆነችው ጁልየት ጉድጓድ ውስጥ ሆና ቦምቡን በድንጋይ ደጋግማ ትመታዋለች። ስክሪኑ ነጭ ይሆናል። ሁልጊዜ በጥቁር ላይ በነጭ የሚመጣው ርዕስ፣ በነጭ ላይ በጥቁር መጣ። አለቀ።

አሜሪካኖቹ ከግንቦት 2001 እስከ ጥር 25 ቀን 2002 ጠበቁ። በዚያ መሃል ተመልካቹ ለሁለት ተከፍሎ ተከራከረ። ጊዜ ለሁለት ተሰንጥቋል የሚል አለ፤ ምንም አልተለወጠም የሚል አለ። የእኛ ቪዲዮ ቤት ስድስተኛው ስላልነበረው፣ እኛም አንድ ሙሉ ክረምት ጠበቅን። ወንድሜ ደብተር አውጥቶ መስመር አሰመረ። መስመሩ መሃል ላይ ለሁለት ይከፈላል። ከላይ «ወደቀ»፣ ከታች «አልወደቀም» ብሎ ጻፈ። መብራት ሲሄድ በሻማ ይሥል ነበር።

አማርኛችን ይህን ሁሉ በአንዲት ቃል ነው የሚጨርሰው። ኖሮ። ባይወድቅ ኖሮ። ባይሄድ ኖሮ። እማዬም ቡና እየቀዳች የምትነግረን አንድ «ኖሮ» ነበራት። በ1880 ድርቡሽ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥል ደብረ ብርሃን ሥላሴን ንብ ነው ያተረፈው ይባላል። «ንቡ ባይወጣ ኖሮ፣ ያን ጣሪያ ላይ ያሉትን መላእክት ዛሬ አናያቸውም ነበር» ትለናለች። ስለ ሊማሊሞ ግን አንድም ቀን «ኖሮ» ስትል ሰምቻት አላውቅም።

ስድስተኛው መጣ። አውሮፕላኑ ይናወጣል፣ ይረጋል፣ መንገዱን ይቀጥላል። ካሜራው ወደ ታች ይወርዳል። ደሴቱ ባሕር ውስጥ ሰጥሟል። ወንድሜ ብድግ ብሎ «አላልኳችሁም!» አለ። ጁልየት ስትሞት ልትናገረው የፈለገችውን ማይልስ ይሰማዋል፤ ማይልስ የሙታንን ሐሳብ የሚሰማ ሰው ነው። «ሠርቷል» ነው ያለችው። ከዚያ በኋላ ማን ይከራከረው? በዚያኛው መስመር ጃክ ልጅ አለው። ሁሉም በሰላም አርፈዋል።

የመጨረሻው ክፍል ሁሉን ነገር ገለበጠው። ጁልየት «ሠርቷል» የምትለው ስለ ቦምቡ አልነበረም። በዚያኛው መስመር ፍቅረኛዋ ሶየር ከማሽን ቸኮሌት ሊያወጣ ሲቸገር፣ ነቅለህ መልሰህ ሰካው ትለዋለች። ቸኮሌቱ ወደቀ። ሠርቷል። ያ ሁሉ ክርክር ያረፈባት ቃል እዚያ ነበረች። ዛሬም ሳየው ያስለቅሰኛል።

ከዚያ ጃክ የአባቱን ሣጥን ይከፍታል። ባዶ ነው። አባቱ ከኋላው ቆሟል። የደረሰባችሁ ሁሉ እውነት ነው ይለዋል። ሁሉም ይሞታል፤ ካንተ በፊት የሞቱ አሉ፣ ካንተ በኋላ ብዙ ኖረው የሞቱ አሉ። ይህ ቦታ እንድትገናኙ ራሳችሁ የሠራችሁት ነው። እንግዲህ ሁለተኛ መስመር የሚባል ነገር አልነበረም። ከሞት በኋላ ነበር።

እማዬ «ታዲያ ያኔ ሲወድቁ ነው እንዴ የሞቱት?» አለች። ብዙ ሰው ዛሬም እንደዚያ ነው የሚለው። አይደለም። ደሴቱ ላይ ኖረዋል፤ ተዋደዋል፣ ተጣልተዋል፣ ተቀባብረዋል። ወንድሜ ግን ምንም አልመለሰላትም። ሲዲውን አውጥቶ ወጣ።

እኔ ያን ጊዜ ለእሱ ብዬ ተናድጄ ነበር። አሁን ግን «ኖሮ» የምትለዋን ቃል ሳስባት ሌላ ነገር ይታየኛል። ሰው ኖሮ ሲሞትም «ኖሮ» ነው የምንለው። ያልሆነው «ኖሮ» እና የተኖረው «ኖሮ» አንድ ፊደል ናቸው። ወንድሜ የመጀመሪያውን እየጠበቀ ነበር። ፊልሙ ሁለተኛውን ሰጠው።

ባለፈው ሳምንት ደብተሩን አገኘሁት። የላይኛው መስመር ግማሽ ገጽ ላይ ይቆማል። የታችኛው እስከ ጠርዙ ይሄዳል። ጫፉ ላይ በትንንሽ ፊደል «አባዬ ለእራት ይመጣል» ይላል።

አዲስ አበባ ደወልኩለት። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «እማዬ አይታዋለች?» አለኝ።

ያገኘሁት ከእሷ ሣጥን ውስጥ ነው። በነጠላ ተጠቅልሎ።