ልጁ አፉን እስኪፈታ

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ልጄ ከጎን ባለው ክፍል ተኝቷል፤ የማወራውም ስለ እርሱ ነው። እናቱ ፈቅዳለች።

ልጄ አንድ ዓመት ተኩል ሲሞላው አንድም ቃል አልነበረውም። «እማ» አይልም፣ «እምቢ» አይልም፣ ጣቱን ቀስሮ ነገር አያሳይም። ውሃ ሲፈልግ እጄን ይዞ ወደ ማቀዝቀዣው ይጎትተኛል። እኔ ይህን ከብልህነት ቆጥሬው ነበር። ደሴ ላለችው እናቴ ደውዬ ስነግራት ሳቀች። «አንተስ መቼ ቶሎ አፍህን ፈታህ? ወንድ ልጅ ይዘገያል፤ ተወው» አለችኝ። ተውኩት። ስድስት ወር ተውኩት።

ሁለት ዓመት ሲሞላው የሕፃናት ሐኪሟ ሃያ ጥያቄ ያለበት ቅጽ ሰጠችን። የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ከክፍሉ ወዲያ ማዶ ያለ ነገር በጣታችሁ ስታመለክቱት ልጁ ወደዚያ ያያል ወይ ይላል። እኔ «አዎ» እንበል አልኩ፤ ባለቤቴ «አያይም» አለች። በተራ መጠበቂያው ወንበር ላይ በሹክሹክታ ተጨቃጨቅን። ብዕሩ በእርሷ እጅ ስለነበረ እውነቱ ተጻፈ።

የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1986 በወጣ የአሜሪካ ሕግ መነሻነት ከልደት እስከ ሦስት ዓመት ላሉ፣ እድገታቸው ለዘገየ ሕፃናት የሚሰጥ አገልግሎት አለ። የሚያናድደኝ ምን መሰላችሁ? ሐኪም መጠበቅ አያስፈልግም ነበር፤ ወላጅ ራሱ ደውሎ «ልጄ አሳስቦኛል» ማለት ይችላል። ከዚያ በኋላ ግምገማውና የመጀመሪያው የእቅድ ስብሰባ በ45 ቀን ውስጥ መጠናቀቅ አለባቸው። እዚህ ሜሪላንድ ቤተሰብ አይከፍልም። ቨርጂኒያ ያላችሁ፣ ግምገማው በነጻ ነው፤ ለአንዳንዱ አገልግሎት ግን እንደ ገቢያችሁ ትከፍሉ ይሆናል። አንድ ወዳጄ «ስሙ አንዴ ከተመዘገበ አይፋቅም» ብሎ አስፈራርቶኝ ነበር። ወላጅ በጽሑፍ ካልፈቀደ ግምገማ የለም፤ ከቀረበውም አገልግሎት የማይፈልገውን መተው ይችላል። እኔ የፈረምኩት ይህን ሁለት ጊዜ ከጠየቅሁ በኋላ ነው።

የመስማት ምርመራው ቀድሞ ተደረገ፤ ጆሮው ደህና ነው። በግምገማው ቀን በስልክ አስተርጓሚ ተመደበልን። ባለሙያዋ ውጤቱን ስትናገር አስተርጓሚው «ልጃችሁ የአእምሮ ዘገምተኛ ነው» ብሎ ተረጎመው። ባለቤቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች። እኔ እንግሊዝኛውን ሰምቼዋለሁ፤ ሴትዮዋ ያለችው የእድገት መዘግየት ነው፤ ያውም በንግግር። ባለቤቴን ለማስረዳት ግን ያን ቀን ሙሉ ፈጀብኝ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ አፉ ላይ የመጣለትን ነው ያለው።

ከዚያ በኋላ የንግግር ሕክምና ባለሙያ ማክሰኞ ማክሰኞ እቤታችን ትመጣ ጀመር። በመጀመሪያው ቀን ባዶ እጇን ስትገባ ቅር አለኝ፤ መጫወቻ የሞላ ሻንጣ ነበር የጠበቅሁት። ባለቤቴ ቡና እያፈላች ነበርና ባለሙያዋ ከረከቦቱ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ፈንድሻውን ከልጁ ፊት አነሳችው፤ ከአራት ዓመት በታች ያለን ልጅ ሊያንቅ ይችላል አለች። ስንት ልጅ በፈንድሻ ያሳደገችው እናቴ ይህን አልሰማችም፤ አልነገርኳትም። ከዚያ ዳቦውን በትንሽ በትንሹ ቆርሳ አንዷን ሰጠችው። በላ። ሁለተኛዋን ይዛ፣ ፊቱን እያየች ዝም አለች። ልጁ እጁን ዘረጋ፤ እርሷ ዝም። ባለቤቴ አላስችላት ብሎ ልትሰጠው ስትል በቀስታ ክንዷን ያዘቻት።

እኛ ቤት ልጅ ጠይቆ አያውቅም። ሳይርበው እናጎርሰዋለን፣ ሳይጠማው ብርጭቆው ይቀርብለታል። የዘገየው በዚህ ምክንያት አይደለም፤ ይህን ባለሙያዋ ደጋግማ ነግራናለች። ቃል የሚሞክርበት ክፍተት ግን አልተውንለትም ነበር።

ሌላም ነገር አለ። የሚውልበት መዋያ ያለች አስተማሪ «ሁለት ቋንቋ አደናግሮታል፤ ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ ተናገሩት» ብላን ሁለት ወር ታዘናል። በመኪና ማቆሚያ የተማርኩት እንግሊዝኛ ለትኬት መቁረጥ ይበቃል፤ ልጅ ለማጫወት አይበቃም። እሹሩሩ ቀረ፣ ቀልዱ ቀረ፣ ቤታችን ጭር አለ። ባለሙያዋ ይህን ስትሰማ ራሷን ነቀነቀች። ሁለት ቋንቋ መስማት የንግግር መዘግየትን አያመጣም፤ ልጁ የሚያውቃቸው ቃላትም ከሁለቱም ቋንቋ ተደምረው ነው የሚቆጠሩት አለችን። «በምትስቁበት ቋንቋ አውሩት» ያለችው ከአእምሮዬ አልወጣም።

ከዚያ እርሷ ራሷ «ጨምሪ» የሚለውን ቃል ከእኛ ተማረች። «ቸምሪ» ነበር የምትለው፤ አፏ እምቢ አላት። በአምስተኛው ሳምንት ዳቦውን ይዛ ስትጠብቀው ልጄ «ጨሚ» አለ። «ሪ»ን ዋጣት፤ «ጨ»ን ግን ከእርሷ ይልቅ አሳምሮ አላት። ባለቤቴ እልል አለች፤ ልጁ ደንግጦ አለቀሰ።

አሁን ወደ ሠላሳ የሚሆኑ ቃላት አሉት። ሦስት ዓመት ሊሞላው አራት ወር ቀርቶታል፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚከተል ለመነጋገር ሐሙስ ስብሰባ ተጠርተናል። አስተርጓሚ ይኖራል። «የእድገት መዘግየት» የሚለውን በትልቁ ወረቀት ላይ ጽፌ ከሰነዶቹ ጋር አስቀምጫለሁ፤ ስብሰባው ሳይጀመር አነብለታለሁ።